የእናቴ አራት አልጋዎች

የክፍሉ በር ሲከፈት ከሁሉ ቀድሞ የተቀበለኝ የፍሊት ሽታ ነው። ቁልፉን የያዘችው የሆቴሉ ልጅ ያፈረች መሰለኝ፤ "አሁን ረጭተነው ነው አባባ፣ መስኮቱን ከከፈትነው ቶሎ ይወጣል" አለችኝ። ተዪው አልኳት። ከዘራዬን ግድግዳው ላይ አስደግፌ፣ ዐይኔን ጨፍኜ፣ እንደ ጥሩ ሽቶ ሳብ አደረግኩት። ሌላው ሰው አፍንጫውን የሚይዝለት ሽታ እኔ ያደግኩበት ነውና፣ ሰባ ምናምን ዓመቴ ላንዳፍታ ጥሎኝ ሄደ፤ እናቴ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሥራ፣ የፍሊት መርጫውን እንደ ጠመንጃ አነጣጥራ፣ በብረት አልጋ ዙሪያ ስትዞር አየኋት።

እዚህ የመጣሁት ለአንድ ሌሊት ነው። የምኖረው ውቅሮ ከልጄ ጋር ነው፤ አዲስ አበባ ያለችውን እህቴን ዘውዲን ልጠይቅ ተነሥቼ፣ አውቶቡሱ ገና ሳይነጋ ስለሚሄድ መቐለ ማደር ግድ ሆነብኝ። የልጄ ልጅ ሰናይት እዚህ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ልብስ ትሰፋለች፤ አንዲት ክፍል ከጓደኞቿ ጋር ተከራይታ ስለምትኖር እኔን የምታሳድርበት የላትም፣ እናም ሆቴል ልትመርጥልኝ ስልኳን ይዛ ከፊቴ ቀደመች። በዓይናለም በኩል ከከተማ በሚያስወጣው ትልቅ መንገድ ዳር ሆቴሉ እንደ አሸን ፈልቷል። ይሄኛው ለመናኸሪያው ቅርብ ነው፣ ያኛው ደጁ ላይ ባጃጅ አይጠፋም፣ ወዲያ ያለው ደግሞ ሊፍት አለው ትለኛለች። ሁሉም ደግ ነው፤ እኔ ግን በገባንበት ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ነው የምጠይቀው፤ ፍራሹን ገልብጬ ልየው።

መጀመሪያ የገባንበት ሆቴል ከረባት ያሠረ ሰውዬ ቆሞ "አባቴ፣ ይሄ እኮ ባለ ኮከብ ነው" አለኝ። "እኔ የምተኛው ኮከቡ ላይ አይደለም" አልኩት። ሰናይት በኀፍረት ፊቷን አዞረች። ሁለተኛው ላይ አይፈቀድም አሉን፤ እንግዲያውስ እናንተው ተኙበት ብያቸው ወጣሁ። ሰናይት ሻንጣዬን እየጎተተች "አባሓጎ፣ በዚህ አያያዝዎ ከመናኸሪያው አጥር ሥር ነው የሚያድሩት" ብላ ተቆጣችኝ፤ አያቷ ብሆንም ትቆጣኛለች። እዚህኛው ግን ይህች ባለ ቁልፍ ልጅ ሳቀችና የፍራሹን ሌላውን ጫፍ ይዛ አብራኝ ገለበጠችው። ንጹሕ ነው። እዚሁ አድራለሁ አልኩ።

ይህን አመል ያወረሰችኝ እናቴ ናት።

አባቴ ሲሞት የተወላት እኔንና ዘውዲን፣ እንዲሁም አውቶቡስ ከሚቆምበት አስፋልት ትንሽ ገባ ብሎ ያለ አንድ የድንጋይ ቤት ነበር። ያኔ ከተማው እዚያ ላይ ነው የሚያልቀው፤ ከእኛ ወዲያ በለስና ሜዳ ነው። በዚያን ጊዜ አውቶቡሱ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ደሴ ያድርና በማግሥቱ አመሻሽ ላይ አቧራውን ተሸክሞ መቐለ ይደርሳል፤ ተሳፋሪው እኛ ዘንድ አድሮ በሦስተኛው ቀን ወደ አስመራ ይቀጥላል። አገሬው አደይ ለምለም የሚላት እናቴ ትልቁን ክፍል ባዶ አድርጋ አራት የብረት አልጋ ዘረጋችበትና ማደሪያ አደረገችው። እኛ ሦስታችን ከመጋረጃው ወዲያ እንተኛለን፤ የማናውቀው ሰው ሲያንኮራፋ እየሰማን ነው እንቅልፍ የሚወስደን፤ ዘውዲማ ማንኮራፋቱን ብቻ ሰምታ ሰውዬው የየት አገር እንደሆነ እነግራችኋለሁ ትል ነበር፣ አንዳንዴም ይሳካላታል። እኔንም አማርኛ ያስተማረኝ ያ ክፍል ነው። ከአራተኛ ክፍል በላይ አልገፋሁም፤ የወሎው ነጋዴ፣ የሸዋው ሹፌር፣ ወደ አስመራ የሚዛወረው ወታደር ግን ቁጭ አድርገው ሲያወሩኝ አንዱ ከአንዱ እየተማታብኝም ቢሆን ቋንቋው ገባኝ።

የዚያ ቤት ሽታ እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ላይ አለ፤ ዝናብ የመታው ድንጋይ፣ የመንገደኛ ላብ፣ ጆንያ ውስጥ ያለ በርበሬ፣ የልብስ ሳሙና፣ ከሁሉም በላይ ግን ጋዝና ፍሊት። እናቴ መንገደኛ ብዙ አይፈልግም ባይ ናት፤ በሩ ጥርቅም ብሎ የሚዘጋ፣ ትኋን የማይበላበት ቤት ከሰጠኸው ሌላውን ራሱ ይሞላዋል ትላለች። ቅዳሜ ቅዳሜ አልጋዎቹ ወደ ጓሮ ይወጣሉ። በትልቁ ድስት ውኃ ይፈላና በየመጋጠሚያው፣ በየብሎን ቀዳዳው ይንቆረቆራል፤ የፍራሹ ስፌት ተተርትሮ ገለባው ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ከዚያ ፍሊቱ ይረጫል። አልጋው ተመልሶ ሲገባ ደግሞ እያንዳንዱ እግሩ ጋዝ ያለበት የቲማቲም ቆርቆሮ ውስጥ ይቆማል። ቆርቆሮዎቹን የምሞላው እኔ ነኝ። ትኋን ዋና አይችልም እያለች እናቴ ስትስቅ ትዝ ይለኛል፤ ለእኔማ እንግዶቻችን ጀልባ ላይ የተኙ ይመስሉኝ ነበር።

ከዚያ ፎቁ መጣ። አቶ ተክላይ የሚባል ባለ ሀብት ልክ አስፋልቱ ዳር ሆቴል ሠራ፤ መብራቱ ከሩቅ ይታያል፣ ግቢው አውቶቡስ ያሳድራል። ሹፌርና ረዳት እሱ ዘንድ በነጻ ይበላሉ፣ በነጻ ይተኛሉ፤ በምላሹ አውቶቡሱ የሚቆመው እሱ በር ላይ ብቻ ነው። ዋናው ዘዴ ግን ዕቃው ላይ ነበር። የተሳፋሪው ዕቃ ሁሉ ጣሪያው ላይ፣ ፖርቶ መጋላው ላይ በሸራ እንደታሠረ ከአውቶቡሱ ጋር ግቢ ገብቶ ያድራል፤ ረዳቱም ሌላ ቤት የሚያድር ሰው ቢኖር ዕቃውን አላውቅለትም፣ ጠዋትም አልጠብቀውም ብሎ ያስታውቃል። መንገደኛ ደግሞ ከዕቃው መራቅ ይፈራል። ቤታችን ባዶውን ማደር ጀመረ። ቆርቆሮዎቹ ውስጥ የሚሰምጠው ዝንብ ብቻ ሆነ። አቶ ተክላይ ቤቱን ሽጭልኝ፣ አንቺንም አንሶላ አጣቢ አድርጌ ልቅጠርሽ ብሎ ሰው ላከባት። አጎታችን ከገጠር መጥቶ ልጆቹን ይዘሽ ወደ እኔ ነዪ አላት። ወደ አጎታችን መሄድ ለእኛ ከተማው ቀረ ማለት ነው፤ ለእሷ ደግሞ የራሷን በር ራሷ መክፈትና መዝጋቷ ቀረ ማለት ነው።

ለሁለቱም የሰጠችው መልስ አንድ ነበር፤ "እንታይ ገደሰኒ፣ ምን ገዶኝ!"

በማግሥቱ አመሻሽ ላይ እኔና ዘውዲ ከግርጌ፣ እሷ ከራስጌ ሆነን አንዱን አልጋ ተሸክመን ወጣንና ከሆቴሉ በር ፊት ለፊት፣ መንገዱ ዳር፣ ከነቆርቆሮዎቹ አቆምነው። አውቶቡሱ ደርሶ ሰው እግሩን እያፍታታ ሲወርድ እናቴ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ "ፍራሹን ገልብጣችሁ እዩ! ማዶም ግቡና ገልብጡ፤ ከዚያ የወደዳችሁበት እደሩ!" ትላለች። ልመና አልነበረም፣ ግጥሚያ ነው። ረዳቱ አልጋሽም መንገድ ሊሄድ ነው እንዴ እያለ ይሥቅባታል። ለብዙ ቀን ማንም አልመጣም። እሷም ለብዙ ቀን አልቀረችም።

መጀመሪያ የገለበጡት ሐጂ ይማም ናቸው። ከደሴ በርበሬና ኮረሪማ የሚያመላልሱ የወሎ ነጋዴ፣ ሆዳቸው ትልቅ፣ ሣቃቸው ከሆዳቸው የሚተልቅ። ባለፈው ጉዟቸው ማዶ አድረው ነበርና ማንም ሳይጠይቃቸው እጅጌያቸውን ሰብስበው ክንዳቸው ላይ የተደረደረውን ቀይ ነጠብጣብ ለእናቴ አሳዩአት። ከዚያ ፍራሹን ገለበጡ፣ ጎንበስ ብለው ቆርቆሮውን አዩ፣ ጋዙን አሸተቱና "እትዬ ለምለም፣ ያለ ዕቃ ማደር ያለ ደም ከማደር ይሻለኛል" አሉ። ይህን የሰማች አንዲት ሕፃን ያዘለች ሴትዮም ተከተለቻቸው። እናቴ ለሐጂ ውዱእ የሚያደርጉበት ማንቆርቆሪያ ለብቻ አወጣችላቸው፤ ማተቧ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ ተንበርክካ የሚሰግዱበትን ቦታ ጠርጋ አሁንም ደግማ ጠረገችላቸው። ያን ዕለት ቤታችን እንደገና ሰው ሰው ሸተተ።

ሹፌሩ ግርማ ይባላል። ክፉ ሰው አልነበረም፤ የሚበላበትን ያውቃል እንጂ። አሥራ ሁለት ሰዓት እንነሣለን ብሎ ለሁሉም አስታውቆ ሳለ፣ ገና ጎሕ ሲቀድ የሞተሩን ድምፅ ሰማን። ሐጂ ሶላት ላይ ናቸው፣ ሴትዮዋ ልጇን ታጠባለች። እናቴ ተንኮሉ ወዲያው ገባት። እነዚህ ሁለት ሰዎች ዛሬ ከቀሩ ከነገ ወዲያ አንድም መንገደኛ እኛ ዘንድ ማደር አይደፍርም፤ ወሬው ራሱ በአውቶቡስ ነው የሚሄደው፣ ከአስመራ እስከ አዲስ አበባ ይዳረሳል፣ የቤታችንም ነገር እዚያው ላይ ያበቃል። ዱካዋን፣ ያችን ባለ ሦስት እግር መቀመጫዋን፣ አንሥታ ወጣች። እኔና ዘውዲ ተከተልናት።

አውቶቡሱ አፍንጫውን ከግቢው ሲያወጣ እሷ አስፋልቱ መሐል ላይ ዱካዋን አደላድላ ተቀመጠች፣ ነጠላዋንም አስተካከለች፤ ቤቷ ሆና እንግዳ የምትጠብቅ እንጂ መኪና ፊት ያለች አትመስልም። ግርማ ጡሩምባውን ለቀቀው። እኔ ጆሮዬን ያዝኩ፤ እሷ ንቅንቅ አላለችም።

"ንፋ ልጄ፣ ንፋ!" አለችው። "እንግዶቼን እየቀሰቀስክልኝ ነው።"

"እትዬ፣ ተነሺ እንጂ! መንገድ መዝጋት ያስጠይቃል!"

"አሥራ ሁለት ሰዓት ያልከው አንተ ነህ። ሰውዬው እየሰገዱ ነው፤ ከፈጣሪው ጋር የቆመ ሰው ላንተ ብዬ አላቋርጥም። መሄድ ካማረህ መንገዱ ይኸው፣ በእኔ ላይ ነው።"

ይሄን ጊዜ አቶ ተክላይ ጋቢውን ተከናንቦ ሰገነቱ ላይ ብቅ አለ። "ለምለም! ጨዋ ሴት አስፋልት ላይ አትቀመጥም!"

ቀና ብላ አየችው። "አንተን ደግሞ በዚህ ሰዓት ምን ቀሰቀሰህ፣ ተክላይ? ትኋኑ አላስተኛህም እንዴ?"

አውቶቡሱ ውስጥ አንድ ሰው ሣቀ። ሲያክኩ ያደሩት ሁሉ ተቀበሉት። ከኋላ በኩል ያለ አንዱ በመስኮት ብቅ ብሎ "ጠብቃቸው እንጂ ሹፌር! ነገ እኛም እንቀራለን!" አለ። እናቴ ወደ እኔ ዞረችና፣ ሁሉም እንዲሰማት ድምፅዋን ሳትቀንስ፣ ሩጥና አትቸኩሉ ብላለች በላቸው አለችኝ። በሕይወቴ አትቸኩሉ ለማለት የሮጥኩት ያን ቀን ብቻ ነው። ሐጂ ሶላታቸውን ጨረሱ፣ ጥምጣማቸውን ጠመጠሙ፣ ሴትዮዋ ልጇን አዘለች፣ ቀስ ብለው መጡ። ሐጂ በመስኮቱ በኩል የግርማን እጅ ጨብጠው "አላህ ይስጥህ ልጄ፣ ጠበቅከን" አሉት፤ በገዛ ደግነቱ የጠበቃቸው ይመስል። እናቴ ዱካዋን አንሥታ መንገዱን ለቀቀችለት። ቤት ስንደርስ ግን በሩን ራሷ አልከፈተችም፤ ዱካዋን ደጃፉ ላይ አኑራ ተቀመጠችበት፤ የከፈተችላት ዘውዲ ናት።

ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ግርማ ራሱ አንገቱን እያከከ፣ ግራ ቀኙን እያየ መጣና "እትዬ፣ ለእኔም አንድ አልጋ ይገኝ ይሆን?" አላት። አላሾፈችበትም። ገልብጠህ እይ ብቻ አለችው። ከዚያ ወዲያ ዕቃ በእኛም በር ይወርድ ጀመር። እነዚያ አራት አልጋዎች እኔንና ዘውዲን አሳደጉን፤ እሷንም እስከ ዕለተ ሞቷ በራሷ ደጃፍ አኖሯት።

ዛሬ ቤቱ የለም። መንገዱ ሲሰፋ መጀመሪያ ጓሮው ሄደ፣ ቀጥሎ ቤቱ ራሱ ሄደ። መናኸሪያውም ከመሐል ከተማ ወጣ። በእነዚያ ክፉ የጦርነት ዓመታት መንገዱ ተዘግቶ ሳለ፣ አንድ ቀን እዚያ ቦታ ላይ ቆሜ ባዶውን አስፋልት አየሁት፤ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፤ ፊቱ ቁጭ ብለው የሚያቆሙት አውቶቡስ እንኳ አልነበረም። አሁን ተከፍቷል፣ ተመስገን። እኔም ለስላሳ አልጋ ላይ ነኝ፣ የሙቅ ውኃ ቧንቧ ሳይቀር አለኝ፤ ከግድግዳው ወዲያ ማን እንዳለ ግን አላውቅም፣ ሲያንኮራፋም አይሰማኝም። የምሳፈርበት ወንበር ቁጥር አለው፣ ስሜ ስልክ ውስጥ ገብቷል፣ ያልደረሰ ይቀራል፣ ማንም ማንንም አይጠብቅም። ሥልጣኔ ነው ይሉኛል። ይበሉ። እናቴ ትኋኑን አጥፍታ ሰውን አቆይታለችና፣ ሁለቱ አብረው አይሆኑም የሚለኝን ሰው አልሰማውም።

ሰናይት ለማታው ፈረቃ ልትሄድ ስትነሣ ስልኬን ተቀብላ ነካካችው።

"በሉ አባሓጎ፣ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ይጮኽልዎታል። አይሥጉ፣ አውቶቡሱ አያመልጥዎትም።"

"መጮኹንስ ይጮኽልኛል፣ ጓለይ፣ ልጄ" አልኳት፤ "አውቶቡሱ ፊት ግን አይቀመጥልኝም።"