ብስክሌቱ የገባበት መዝገብ

አባቷ ቅጽል ስም ካወጡላት ወዲህ ዘመድ አዝማድ ሁሉ የሚጠራት «ሠንጠረዥ» እያለ ነው። የቅጣት አወሳሰን መመሪያ በሚያዘጋጀው መሥሪያ ቤት ትሠራለች። አንድ ዓይነት ጥፋት ያጠፉ ሁለት ሰዎች በሁለት ችሎት የሰማይና የምድር ያህል የተራራቀ ቅጣት እንዳይወሰንባቸው፣ ቅጣቱን በእርከን በእርከን ታስቀምጣለች። አባቷ በዳኝነት ሸብተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ መመሪያ የሚባል ነገር ሲሰሙ ፊታቸውን ይጥላሉ። ዳኛ ሕሊና አለው፣ ሕሊና ደግሞ በሠንጠረዥ አይሰፈርም ባይ ናቸው። እሷም የዋዛ አይደለችም፤ የአባቷ ልጅ ናትና ክርክር ላይ አትሰንፍም።

ሰሞኑን ግን ክርክር የማይፈታው ነገር ገጠማት። የመመሪያው ረቂቅ ከመጽደቁ በፊት ጡረታ የወጡ አንጋፋ ዳኞች ተሰብስበው፣ በልብ ወለድ የክስ ጉዳዮች ላይ እየፈረዱ ሊፈትኑት ነው። ጡረተኞቹ የሚያዩት የአባቷን ዓይን ስለሆነ እሳቸው ከቀሩ ማንም አይመጣም፤ የደከመችበት ረቂቅም መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። ከዚህ ይልቅ የከነከናት፣ አባቷ ሥራዋን አንድ ቀን እንኳ ቀረብ ብለው አለማየታቸው ነው። ለመነች፣ አኮረፈች፣ እናቷን አማላጅ ላከች። አባት ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ወረቀቶቿን ይዛ ሳሎን ገባችና እዚያው ሶፋቸው ላይ ሆነው እንዲፈርዱ፣ ካልጣማቸው ዳግመኛ መመሪያ የሚል ቃል እንደማታነሣ ነገረቻቸው። ይህን ሲሰሙ መነጽራቸውን አደረጉ። መቼም ዳኛ መዝገብ አይቶ አያልፍም።

የልብስ ስፌት መኪና የሰረቀውን፣ ወጣት ነው፣ ተጸጽቷል ብለው በስድስት ወር ማሩት። ብስክሌት የሰረቀውን ሁለት ዓመት አከናነቡት። ልጅቷ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀመጠችላቸው። ዕድሜው ያው፣ ጸጸቱ ያው፣ የንብረቱ ዋጋም ያው ነው። የቀየረችው የተሰረቀውን ዕቃ ብቻ ነበር፤ መሥሪያ ቤቷ ፍርድ ምን ያህል እንደሚዛነፍ የሚፈትሸው እንዲህ ነው።

እናቷ ከወጥ ቤት ሆነው ሳቃቸውን ለቀቁት።

«አይ አንተ ሰውዬ፣ ያ ብስክሌት ዛሬም አልወጣልህም?»

አባቷ በመጀመሪያ ደመወዛቸው የገዙት ቀይ ብስክሌት ከራሱ ከፍርድ ቤቱ ደጃፍ ነበር የተሰረቀባቸው። ይህን ታሪክ በቃሉ የማይወጣው ሰው ቤቱ ውስጥ የለም። እሷ ግን ጉዳዩን ስትጽፍ ትዝም አላላት፤ እንዲያው ብስክሌት እጇ ላይ መጣላት እንጂ። አባቷ ትንሽ ሳቅ ሞከሩና አልሆነላቸውም።

«ስንት የብስክሌት ሌባ በእጄ እንዳለፈ ታውቂያለሽ?» አሏት ቀስ ብለው።

ሠንጠረዥ ክርክሩን አሸነፈች፤ ደስ ግን አላላትም።

በቀጠሮው ቀን አባቷ ከራቫታቸውን አስረው፣ ጓደኞቻቸውን ሁሉ አስከትለው መጡና ከፊት ተቀመጡ። የልጅቷ አንጀት ቅቤ ጠጣ። ወረቀት ስታድል ግን ያንን የብስክሌት ጉዳይ ማውጣት ረስታ ኖሮ፣ ቀጥታ እሳቸው እጅ ገባ። አባቷ አነበቡት፤ ከዚያም እንደ ጥንቱ ችሎት ቀጥ ብለው ቆሙ።

«ይህ መዝገብ ለሌላ ዳኛ ይሰጥልኝ። የግል ተበዳዩ እኔ ነኝ።»

ታሪኩን የሚያውቁት ሽማግሌዎች ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። አባት ሳቁ እስኪበርድ ጠበቁና ወረቀቱን ለልጃቸው መለሱላት።

«በይ ሠንጠረዥ» አሏት እየተቀመጡ፣ «ቀጣዩን አምጪ።»