የሀገር ልብስ ፎቶ ለአያቷ

ትንንሽ ልጆችን የሀገር ልብስ አልብሶ ፎቶ ማንሳት የራሱ ቅደም ተከተል አለው፤ ያኔ እንደዚያ አምን ነበር። መጀመሪያ ልብሱን ለልጁ በእጁ ትሰጪዋለሽ፤ ይዳብሰው፣ ይጎትተው፣ ይጫወትበት። ማልበስ ከዚያ በኋላ ነው። ካሜራው የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ቤይሩት ውስጥ እኛ ሀበሾች በተከራየነው አዳራሽ እሁድ እሁድ ሕፃናት ስለማስተምር፣ ይህን ለእናቶቹ ሁሉ ሳልጠየቅ አስረዳ ነበር።

አንዷ እናት ሰምታኝ ኖሮ አንድ እሁድ ከትምህርት በኋላ ያዘችኝ። ዓይን ኤል ረማነህ በሚባለው ሰፈር የሕንፃ ደረጃ እያጠበች ነው የምትኖረው፤ ትንሿን ልጇንም የምትተውበት ስለሌላት ይዛት ትውላለች። ሀገር ቤት ያለችው እናቷ የልጅ ልጇን አይታ አታውቅም። የሀበሻ ቀሚስና ነጠላ ልካላታለች፤ የዚያን ዕለት ማታ ወደ አዲስ አበባ የምትበር ጓደኛ ደግሞ ፎቶውን ልታደርስ ቃል ገብታለች።

"ቲቸር፣ ፎቶ ስትነሳ አንቺ ካለሽ አታለቅስም" አለችኝ።

እዚያው አዳራሹ አጠገብ እሁድም የሚከፍት አንድ ፎቶ ቤት ገባን። ባለቤቱ ሽማግሌ ፎቶ ወዲያው የሚያወጣ ካሜራ ነበረው፤ የቀረው ግን ሁለት ፎቶ ብቻ ነው አለን። ልጅቷ ቀሚሱን ስታይ "ማ በዲ! አልፈልግም!" እያለች እናቷ እግር ሥር ተወሸቀች። እናትየዋ ቸኩላ አለበሰቻትና አቆመቻት። ሽማግሌው "ያላ! በሉ!" ብሎ አነሳ። አፏ ተከፍቶ፣ እንባዋ አገጯ ላይ ወርዶ ፎቶው ላይ ወጣች።

"ቆይ፣ በእኔ መንገድ እንሞክረው" አልኩና ነጠላውን ለልጅቷ ሰጠኋት። "እንቺ የኔ ቆንጆ፣ የፈለግሽውን ተጫወቺበት።"

ለቅሶዋን አቆመች። ነጠላውን አጣጠፈች፣ በሁለት እጇ ጨመቀችው፣ ተንበርክካም ወለሉን መወልወል ጀመረች። የወለወለችውን እንዳትረግጥ ልክ እንደ እናቷ ወደ ኋላ ወደ ኋላ እየተሳበች ግድግዳው ጋ ደረሰችና፣ ቀና ብላ "ኸላስ! ጨረስኩ!" ብላ ሳቀች። ሽማግሌው በደስታ አነሳት።

እንደዚያ የሚያምር የልጅ ፎቶ አይቼ አላውቅም። እናትየዋ ሁለቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን ይዛ አየቻቸው።

"ለእናቴ ሱቅ ውስጥ ሻጭ ነኝ ነው ያልኳት" አለች።

"ልጅ እኮ ናት። እናትሽም ጨዋታ ነው ትላለች" አልኳት።

"ነጠላውን እሷ ናት የፈተለችው፣ ቲቸር። መሬት ሲወለወልበት ልታይ!"

ሌላ ፎቶ ቤት እንዳንሄድ እሁድ ነው፣ ሌላው ሁሉ ዝግ ነው። እኔም በሰው ቤት ሠራተኛ ነኝ፤ ማዳሜ፣ አሠሪዬ፣ የፈቀደችልኝ ሰዓት እያለቀ ነበር።

"የምታለቅስበትን ነው የምልከው" አለች። "ልጅ የትም ያለቅሳል።"

"ምን አስለቀሳት ብላ ብትጠይቅሽስ?"

"ቀሚሱ ጠቧት ነው እላታለሁ።"

ልጅቷ የምትስቅበትን ፎቶ ደረቷ ውስጥ ሸጎጠች፣ ልጅቷን አዘለችና ወደ ጓደኛዋ ሮጠች። ቀሚሱ ግን ሰፊ ነበር። እጅጌው የልጅቷን ጣቶች ሁሉ ሸፍኖ በሚላከው ፎቶ ላይ በግልጽ ይታያል።