የጣት ጥላ

በሆስፒታሉ ምድር ቤት፣ ከልብስ ማጠቢያው አጠገብ ባለው የማገገሚያ ክፍል የምትሠራውን ፊዚዮቴራፒስት ታካሚዎቿ በስሟ አይጠሯትም። «ጠምዛዟ» ነው የሚሏት። ፊት ለፊቷም ይሏታል፤ እሷም ትስቃለች። የደረቀ ክንድ ማፍታታት፣ የተኮማተረ ጣት መዘርጋት፣ እንጀራዋ ይኸው ነው። እሷ ዘንድ እየሳቀ የሚገባ የለም፣ እየሳቀ የሚወጣም ጥቂት ነው። ይህን ለምዳው ትኖር ነበር፤ ሠዓሊዋ እስክትመጣ።

ሠዓሊ ትባል እንጂ ብሩሽ ይዛ ያያት የለም። ሆስፒታሉ ታካሚዎችን እንድታበረታታ ጋብዟት፣ ከማገገሚያው ፊት ለፊት ያለውን ባዶ ክፍል ተረከበች። ከጣሪያው ላይ የወረቀት ቁርጥራጮች በክር አንጠለጠለች፤ ከኋላቸው መብራት አቆመች። የክሩን ጫፍ ታካሚው ጣት ላይ ታስርና «እስቲ ይሳቡት» ትላለች። ጣቱ ትንሽ ንቅንቅ ሲል ግድግዳው ላይ ያለው ጥላ እንደ ትልቅ ክንፍ ይርገበገባል። በቃ፣ የሥነ ጥበብ ሥራዋ ይኸው ነበር። ጠምዛዟ የመጀመሪያ ቀን በበሩ አየት አደረገችና «የልጅ ጨዋታ» ብላ አለፈች።

ነገሩ የከነከናት በሾፌሩ ምክንያት ነው። ዕድሜውን በጭነት መኪና መሪ ላይ የጨረሰ፣ ስትሮክ ቀኝ ጎኑን የመታው ሰው ነበር። ወራት ሙሉ አሸችው፣ ለመነችው፣ ተቆጣችው። እሱ ግን ፊቱን አዙሮ «ተይኝ ልጄ፣ የሞተ እጅ ነው» ይላታል። አንድ ቀን አመልካች ጣቱ ከመዳፏ ሥር ስትላወስ ተሰማት።

«ጋሼ፣ ተንቀሳቀሰች እኮ።»

«አላየሁም» አለ።

እውነቱን ነው፤ እንቅስቃሴዋ በዓይን የሚታይ አልነበረም። ከዚያ ወዲያ ያቺን ጣት እንደ ጨቅላ ነበር የምትንከባከባት።

ታዲያ አንድ ከሰዓት በኋላ ከማዶው ክፍል የማታውቀው ሳቅ ሰማች። ብትሄድ ሾፌሩ ነው። ተሽከርካሪ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ፣ ጣቱ ላይ ክር ታስሮ፣ ግድግዳው ላይ የሚርገበገበውን ጥላ እያየ ይስቃል። ሚስቱ ከኋላው ቆማ ዓይኗን ትጠርጋለች። «አየሽልኝ ልጄ? እኔ ነኝ እኮ» አለ። የሚያናግረው ሠዓሊዋን ነበር። ጠምዛዟ ከበሩ ተመለሰች። ልጄ የሚለው እሷን ብቻ ይመስላት ነበር።

በማግስቱ ዶክተሩ ታካሚዎቹን ሲጎበኝ «ሠዓሊያችን ተአምር ሠራች» አለ።

«ጣቱ እኮ ከመጣች ቆይታለች፣ ዶክተር» አለች ጠምዛዟ።

«ታዲያ ምነው አልነገርሽን?»

«ተናግሬ ነበር» ብላ ሳትጨርስ እሱ ወደሚቀጥለው ታካሚ አልፏል።

ቅናት መላ አያጣም። የሾፌሩን ሰዓት ከጠዋት ወደ ከሰዓት በኋላ አዞረችው። «በዚያ ሰዓት እኮ ሠዓሊዋ ጋ ነው» አለች ሚስቱ። «እንግዲህ ከሕክምናና ከጨዋታ መምረጥ ነው» አለቻት። ሾፌሩም መጣ፤ ግን እንደ ድንጋይ ተቀመጠ። እጁ ተቆለፈ። ትንሽ ሰንበት ብሎ ሚስቱ ኮሪደር ላይ ያዘቻት።

«ምን አስቀየምንሽ? ቤት ሲገባ ስለዚያ ጥላ ነበር የሚያወራው። አሁን ምግብም አልበላ አለኝ።»

ጠምዛዟ ዓይኗን ሰበረች። ሰዓቱን መለሰችለት።

ሾፌሩ ያመለጠውን ሊያካክስ ነው መሰል ክሩን አልለቅም አለ። ጣቱ ሲደክምበት በትከሻው እየሳበ ቆየ፤ በማግስቱ ትከሻው አብጦ ክንዱን ማንሣት አቃተው። ጠምዛዟ ይህን ስትሰማ፣ ከመደንገጧ በፊት ደስ አላት። ደስታው ለቅጽበት ነበር፣ ግን አላመለጣትም፤ ሌላ ሰው ያየባት ይመስል ዞር ዞር ብላ አየች።

ሠዓሊዋ ፊቷ አመድ መስሎ መጣች። «ጥፋቱ የኔ ነው። ክሩ እንዴት መታሰር እንዳለበት አላውቅም። ታሳዪኛለሽ?»

ጠምዛዟ ለዚህ ቀን ስንት ነገር አዘጋጅታ ነበር። ልጅቷ ግን ክሩን በሁለት እጇ ይዛ ዘረጋችላት።

«ክንዱ ሥር ትራስ ይፈልጋል» አለች በመጨረሻ። «ቶሎ ቶሎም ማረፍ አለበት።»

ትከሻው ሲሻለው ክሩን ራሷ አሰረችለት። እሱ ግን ዓይኑን ከግድግዳው አልነቀለም።

ሥራው ለሕዝብ የታየው በሆስፒታሉ መግቢያ አዳራሽ ነው። ሾፌሩ ጣቱን ሲያነሣ ጥላው አዳራሹን አቋርጦ ሄደ፤ ሰዉ አጨበጨበ። አንድ እንግዳ ጠጋ ብሎ «ማን ነው ለዚህ ያበቃዎት?» አለው። በግራ እጁ ሠዓሊዋን አሳየ። «ይቺ ልጅ ናት» አለና ዞር ብሎ ጠምዛዟን አያት። «ይቺኛዋ ደግሞ የምታሠቃየኝ ናት።» ሁሉም ሳቀ። እሷም ሳቀች፤ የጥርስ ሳቅ።

ሠዓሊዋ ዕቃዋን ሸክፋ ስትሄድ «ክሩንና መብራቱን ልተውልሽ?» አለቻት። እንቢ ልትል አፏን ከፍታ «ተዪው» አለች። ዛሬም ትሠራበታለች፤ ማን እንደሠራው ካልጠየቋት ግን አትናገርም።

ሾፌሩ ከወራት በኋላ በከዘራ እየተራመደ መጣ። ፊቷ ቆሞ የሸሚዙን ቁልፎች በቀኝ እጁ አንድ በአንድ ቆለፈ። አላበው፤ ግን ጨረሰ። ጠምዛዟ ኮሌታውን አቃናችለት።

«ጎበዝ፣ ጋሼ።»

«እስቲ በስልክሽ ፎቶ አንሺኝ» አላት ቀጥ ብሎ እየቆመ። «ለሠዓሊዋ ላኪልኝ፣ ደስ ይላታል።»

አነሣችው። ጥሩ አድርጋ፣ እጁም ፊቱም እንዲታይ አድርጋ አነሣችው። የላከችላት ግን በማግስቱ ነው።