እናቴ ያለቀሰችለት በሽታ

እናቴ ሹም አቦ ሰፈር ወደተከራየኋት ክፍል የመጣች ቀን፣ ክኒኔን አፌ ውስጥ አድርጌ ውኃ ስፈልግ ደረሰች። ከአገር ቤት ከደልጊ ሐይቁን በጀልባ ተሻግራ፣ ጠበል በፕላስቲክ ጠርሙስ ይዛ፣ ሳትደውል። ደውላ ቢሆን ኖሮ ሌላ ሰው ሆኜ እጠብቃት ነበር።

የክኒኑን ብልቃጥ አንስታ ነቀነቀችው። መልኩን ታውቀዋለች። ጎረቤታችን የነበረች ሴት እንዲህ ያለውን መድኃኒት "ጠበል ይበቃኛል" ብላ ትታ ሞታለች፤ የገነዘቻት እናቴ ናት። አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ አለችና በነጠላዋ አፏን ይዛ አለቀሰች።

እኔ የኤች አይ ቪ ቫይረስ የለብኝም ነበር። ክኒኑ እንዳይዘኝ የሚከላከል ነው፤ በየቀኑ አንድ ይዋጣል። ጤና ጣቢያ የሰጡኝም ሥራዬን አውቀው ነው። ቡና ቤት እሠራለሁ፤ ቢራ አቀርባለሁ፣ ከከፈለ ወንድ ጋር አድራለሁ። ለቤተሰቤ ግን የሆቴል ገንዘብ ተቀባይ ነኝ። አባቴ ቄስ ናቸው። "እማ፣ መከላከያ ነው" ብላት፣ "ምን ሥራ ይዘሽ ነው የምትከላከይው?" ማለቷ አይቀርም። ሕመም ያሳዝናል፤ የኔ ሥራ ያሳፍራል። የጋለሞታ እናት ከምትባል የበሽተኛ እናት ብትባል ይሻላታል ብዬ ፈረድሁላትና ዝም አልሁ።

"ለአባትሽ አልነግራቸውም" አለች። "ብቻ ይኸን መድኃኒት እንዳትተይ። ጠበሉም የሱ፣ መድኃኒቱም የሱ ነው ልጀ።"

ከዚያ አቅፋኝ ተኛች። ከልጅነቴ ወዲህ እንዲያ ታቅፌ አላውቅም። ለሌለብኝ በሽታ ነበር፤ ቢሆንም ደስ አለኝ።

ከተመለሰች በኋላ ሁልጊዜ ወደ ሥራ ከመውጣቴ በፊት ትደውላለች።

"ዋጥሽ?"

"ዋጥሁ እማ።"

መጀመሪያ ላይ እውነቴን ነበር። ክረምቱ ሲገባ ግን አንድ ነገር ተጫነኝ። ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ እውላለሁ፤ ፀጉሬን ማበጠር እንኳ ተራራ ሆነብኝ። አብራኝ የምትሠራው ልጅ "ዓይነ ጥላ ነው፤ ወንዛዬ ሄደሽ ፍል ውኃው ግቢ" አለችኝ። ሄድሁ። ገላዬ ጸዳ፤ ሌላው እንዳለ ይዤው ተመለስሁ።

ሰው እንዳይታመም ብሎ ክኒን የሚውጠው ነገን ሲፈልግ ነው። እኔ ነገን አልፈልገውም ነበር፤ እንዲያውም የሚከፋኝ ሲነጋ ነው። ቤት የሌለው ሰው ዘበኛ ይቀጥራል? መዋጤን ተውሁ። ኮንዶም እምቢ ካለ ወንድ ጋር መጨቃጨቁንም ተውሁ። "ምነው ጨዋ ሆንሽሳ?" ይሉኝ ነበር ደንበኞቼ። የሞተ ሰው ሁሉ ጨዋ ነው።

እናቴ ግን መደወሏን አልተወችም። "ዋጥሽ?" "ዋጥሁ።" ድምፄ ሲደክምባት "መድኃኒቱ ነው የሚያደክምሽ፣ ወተት ጠጭበት" ትለኛለች።

ትኩሳት ጥሎኝ ስነሣ ጤና ጣቢያ ሄድሁ። ሲስተሯ ቀጠሮዬን በማሳለፌ አልተቆጣችም።

"ትወስጅ ነበር?"

"ትቼዋለሁ።"

"ለምን?"

"መኖር አስጠልቶኝ።"

ቀና ብላ አየችኝ። "እሱም በሽታ ነው፤ ድባቴ ይባላል። ይታከማል" አለችና ጣቴን ወጋች። ውጤቱን ስትነግረኝ ወንበሯን አስጠግታ እጄን ያዘች። "እንደ ድሮው አይደለም እህቴ። መድኃኒቱን በደንብ ከወሰድሽ ረጅም ዕድሜ ትኖሪያለሽ።"

መልካም ሴት ናት። እኔ ግን ያለቀስሁት ረጅም ዕድሜ ስትለኝ ነው።

በሐይቁ ዳር በእግሬ ወደ ቤት ተመለስሁ። በዚህ ዓለም የምነግራት አንዲት ሰው ነበረችኝ፤ ለእሷ ደግሞ ወሬው የቆየ ነው። እንደ ልማዷ ደወለች።

"ዋጥሽ?"

አዲሱ ክኒን መዳፌ ላይ ነበር። "አሁን ልውጥ ነው እማ።"

"ጎሽ፣ የኔ ልጅ። እኔኮ አሁን አሁን ሳስበውም አላለቅስ፤ ለመድሁት" አለችኝ።

እኔ ገና ዛሬ መስማቴ ነበር።