እንደገና የሚያስጀምረው ቁልፍ

ቀዶ ክፍል በተኙት በእኚያ እናት ሆድ ውስጥ ደም ብቅ ሲል አውራ ጣቴን ያዘዘው ማን ነበር? ይኸው ዛሬም አላውቅም።

ፊደል የቆጠርኩት እኩዮቼ ስምንተኛ ክፍል ሲደርሱ ነው። የቀረብኝን ሁሉ በንባብ ስለደረስኩበት ሐኪም ሆኜ ቀዶ ሕክምና ስማርም እንደዚያው መስሎኝ ነበር። ሆድ ሳይከፈት፣ በጠባብ ቀዳዳ ካሜራና ቀጭን መሣሪያ አስገብቶ ስክሪን እያዩ መሥራት ስንጀምር ግን መምህራችን መጽሐፌን አስዘግተው የተበሳ ካርቶንና ስክሪን ፊት አቆሙኝ። ካርቶኑ ውስጥ ያለውን ሽምብራ በመቆንጠጫ እያነሱ ሲኒ ውስጥ መክተት ነው፤ ሌላ የለውም። እጄን ወደ ቀኝ ስወስድ ጫፉ ወደ ግራ ይሄዳል። ጥልፍ ስጠልፍ ያደግኩ ሴት አንዲት ሽምብራ ማንሣት አቃተኝ።

«እጅሽ ዐይንሽን አያምነውም» አሉኝ መምህሩ። ካላመነው ደግሞ ቀዶ ክፍል እንደማያስገቡኝ ጨመሩ።

ሽምብራውን እንደ ዶሮ የሚለቅመው የክፍል ጓደኛዬ ምስጢሩን ሲነግረኝ የሚያላግጥብኝ መሰለኝ። ጌም ቤት ነው ያደገው። ቢጨንቀኝ፣ ከሰዓት በኋላ ነጠላዬን ተከናንቤ ዓዲ ሓቂ ሰፈር ወዳለው ጌም ቤት ሄድኩ። በሩ ላይ ስቆም ከሚጫወቱት ተማሪዎች አንዱ ዐይኑን ከስክሪኑ ኳስ ሳይነቅል፣ «አደይ፣ ልጅዎ ዛሬ አልመጣም» አለ፤ ልጇን የምትፈልግ እናት መስዬው።

ወንበር ጠየቅኩ። እዚያ ቤት ተሸናፊ ይነሣል፤ እኔ ገና ከመቀመጤ እነሣለሁ። እየቆየ የሚያስነሣኝ ጠፋ። ሽምብራዋም ታዘዘችልኝ። ጌሙ ይሁን የካርቶኑ ልምምድ እንጃ፤ መምህሩም አልጠየቁ፣ እኔም አልተናገርኩ። አስገቡኝ።

የመጀመሪያ ታካሚዬ የሐሞት ጠጠር ያለባቸው እናት ነበሩ። እጄ እንደ ልቤ ታዘዘኝ፤ ደስ ሁሉ አለኝ። ድንገት ስክሪኑ ቀላ። ይኼኔ አውራ ጣቴ መሣሪያው ላይ የሌለ ቁልፍ ፈለገ፤ ስሸነፍ ጨዋታውን እንደ አዲስ የምጀምርበትን። ባዶውን ተጫነ።

ክው አልኩ። ለካ ፊቴ የተኙት ሰው መሆናቸውን ረስቼ ኖሯል።

መምህሩ «ያዢው» ሲሉኝ የደማውን ሥር ቆንጥጬ ያዝኩ። ቆመ። «ጎበዝ» ተባልኩ።

እኚያ እናት ቁስላቸውን ሊያሳዩ ተመልሰው መጡ። ድነዋል። «ጓለይ፣ ልጄ፣ ሆዴን በቴሌቪዥን አያችሁት አሉኝ፤ ምን ይመስላል?» ብለው ጠየቁኝ። ልመልስ አፌን ስከፍት ለማንም ያልነገርኩት ወጣ፤ ጌም ቤቱ፣ ቁልፉ፣ እሳቸውን መርሳቴ።

ነጠላቸውን ሆዳቸው ላይ ሰብሰብ አደረጉ።

«ቁልፉን አገኘሽው?»

«የለም፣ አደይ።»

«እንኳንም አልኖረ፤ ቢኖር እኔን እዚያው ትተሽ እንደ አዲስ በጀመርሽ ነበር» አሉ። ከዚያ አውራ ጣቴን ያዙና ገለበጥ አድርገው ያዩት ጀመር፤ ቶሎም አልለቀቁኝ።