ባለ ሞተሩ መምህር

ሞተር ሳይክል የገዛሁት ከኦቾሎ ለመገላገል ነበር። የማስተምረው እዚያ ተራራው ላይ ነው፤ ባለቤቴና ልጆቼ ግን ታች አርባ ምንጭ ናቸው። መኪና ስጠብቅ ቅዳሜዬ መንገድ ዳር ያልቅ ነበር። ጉልበታሙን ትቼ፣ ቤንዚን የማትበላውን፣ መለዋወጫዋ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር እንደ ልብ የሚገኘውን መረጥኩ። እሷ ደግሞ ዳገቱ ላይ ታቃስታለች። ቁልቁለቱን ሞተሯን አጥፍቼ እየወረድኩ ቤንዚን ቆጠብኩ ስል የፍሬን ሸራዋን ጨረስኩ። ጎማዋን ድንጋዩ፣ ሰንሰለቷን ጭቃው በላው። ደመወዜ የሷ ቀለብ ሆነ። ዝውውር እስካገኝ ነው ብዬ ቻልኩት።

ማመልከቻዬን ይዤ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ስገባ ኃላፊው በመስኮት አሻግረው ግቢው ውስጥ ያቆምኳትን ሞተር አዩ።

«አንተማ ምን አለብህ፤ ባለ ሞተር ነህ። እግረኞቹ ይቅደሙ» አሉኝ።

የከተማው ቦታ ሞተር ለሌለው ባልደረባዬ ተሰጠ። ልሽጣት አልኩ። ከሸጥኳት ልጆቼን በምን ወርጄ ላያቸው ነው?

በዓመቱ ሞተሯን ራቅ አድርጌ ከአንድ ሻይ ቤት ጀርባ አቆምኳት። የሞተሯን ዘይት ከጫማዬ ላይ ጠርጌ፣ በእግሩ እንደመጣ ሰው ገባሁ። ኃላፊው ማመልከቻዬን እንኳ አልገለጡትም። ብብቴ ሥር የረሳሁትን ሄልሜት አይተው ፈገግ አሉና፣

«ሞተሯ ደህና ናት?» ብለው ጠየቁኝ።