የቀይዋ መኪና ዱካ

ባለፈው ሚያዝያ እንጅባራ ላይ የወንድሜ የልጅ ልጅ ተዳረች። እኔ ከዳሱ ጥግ ተቀምጬ ነበር። ሙሽራዋ በአያቷ አሮጌ ቀይ መኪና ትሄዳለች ተባለና መኪናዋ አበባ ለብሳ ከመጠለያዋ ወጣች። ወንድሜ አስናቀ ድምፅ ማጉያውን ተቀበለ።

«ይቺን መኪና ትልቅ ጋራዥ አበላሽቶ ሲመልሳት አቃንቼ ያዳንኳት እኔ ነኝ» አለ።

ሰው አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፤ ሠርግ ነዋ። እዚህ ወረቀት ላይ ግን ሠርግ የለም፤ የሆነውን እናገራለሁ።

መኪናዋ የአባታችን ነበረች። ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ጣሪያዋ የሚከፈት የጣሊያን ስፖርት መኪና ናት። አባባ መንገድ ሥራ ላይ ሳሉ አለቃቸው የነበረ ፈረንጅ አገሩ ሲገባ ትቶላቸው ሄደ። ቆሰበር፣ ያኔ እንጅባራን የምንጠራት እንዲህ ነበር፣ እንዲህ ያለ ነገር አይታ አታውቅም። አስናቀ ከሚካኤል ድግስ ጠጅ ጠጥቶ ሲመለስ አዲስ ቅዳም ከተማ አጠገብ ቦይ ውስጥ ከተታት። ይህን በድምፅ ማጉያው አልተናገረም።

ክረምቱን ትልቅ ከተማ ጋራዥ ከርማ በመስከረም ተመለሰች። ቀለሟ ፊት ያሳያል። ጎረቤቱ እሰይ ሲል የእኔ ዓይን መሬት ላይ ቀረ። እርጥቡ ቀይ አፈር ላይ አራት የጎማ መስመር ነበር። የኋላው ጎማ የፊቱን አይከተልም፤ ወደ ጎን ወጣ ብሎ የራሱን ያሰምራል። እኛ አገር ፈረስ የሚገዛ ሰው ጥርስ ከማየቱ በፊት ዱካ ያያል። ዳሌው የተጎዳ ፈረስ የሚረግጠው እንዲህ ነው።

«አባባ፣ ይቺ መኪና ወገቧ ደህና አይደለም» አልኩ።

«አንቺ ደግሞ! ፈረስ መሰለችሽ?» አለ አስናቀ እየሳቀ። «ባለሙያ ነው የሠራት።»

አባባ የድሮ ፈረሰኛ ናቸው፤ ጎንበስ ብለው መስመሩን በጣታቸው ተከተሉ። ጥቂት ቀን ከነዷት በኋላ፣ መሪው ወደ ግራ እየጎተተ ክንዳቸውን ሲያዝለው፣ «ካቃናሻት አንቺ ትነጂያታለሽ» አሉኝ። መንዳቱንስ ራሳቸው ሜዳ ላይ አስተምረውኛል። ቀልዳቸውን ይሁን ምራቸውን አላውቅም፤ እኔ እንደ ምር ያዝኩት።

ይኸይስ የሚባል ወጣት በያጅ ነበር። አባቱ ማረሻ የሚቀጠቅጡ ሰው ናቸው። አገሩ ሁሉ በእሳቸው ማረሻ ያርሳል፤ ለሠርግ ግን አይጠራቸውም። ይኸይስ ከመኪናዋ ሥር ገብቶ ብዙ ቆየና ጠራኝ።

«ነይ ተመልከች። ሻንሲው፣ የመኪናዋ አጥንት፣ ተሰብሮ እንደተጣመመ ላዩ ላይ ላሜራ ለጥፈውበታል። ወጌሻ እንኳ ሳያቃና አያስርም!»

ቤት ሲቀየስ እንደሚደረገው ከሻንሲው አራት ማዕዘን ቱምቢ፣ ክብደት የታሰረበት ክር፣ እያወረድን ችካል ተከልን። ከዚያ ገመድ በሰያፍ ከማዕዘን ማዕዘን ዘረጋን። ሁለቱ ሰያፎች እኩል ካልመጡ ቤቱ ጠማማ ነው፤ የእኛ በአንድ ጋት ይበላለጥ ነበር። ላሜራውን በመጋዝ ቆረጥን። የአባቱን ወናፍ አምጥቶ ብረቱን በከሰል አጋለ፤ ከጓሯችን ኮሶ ዛፍ ጋር በሰንሰለት አስረን በክሪክ ገፋን። እኔ ገመዱን ይዤ «ገና፣ ገና» እላለሁ፤ እሱ ይገፋል። ምሳችን ከፍሙ ሥር የበሰለ ድንች ነበር፤ በጠቆረ ጣቱ እየላጠ ያቀብለኛል። እናቴ ለእሱ ለብቻው ጣሳ ስታወጣ አየሁ። ከዚያው ጣሳ ጠጣሁ።

አንድ ቀን ገመዶቹ እኩል መጡ። «በቃ!» ብዬ ጮህኩ። ይኸይስ ግን አልሳቀም።

«ካለቀማ ነገ ምን ብዬ እመጣለሁ?»

«ሽማግሌ ይዘህ ና» አልኩት። ያኔ ደፋር ነበርኩ።

ስብራቱን በወጉ በየደው። ኅዳር ላይ ጎኔ አስቀምጬው ወደ ዳንግላ ነዳሁ። ኑጉ አብቧል፤ ነፋሱ የታጨደ ገብስ ይሸታል። ከአዲስ ቅዳም አልፈን ሜዳው ላይ ስንደርስ «እጅሽን ልቀቂ» አለኝ። ለቀቅኩት። መኪናዋ ማንም ሳይነካት ቀጥ ብላ ሄደች። ከዚያ ወዲህ አግብቻለሁ፣ ወልጃለሁ፣ ብዙ አገር ዞሬያለሁ፤ ወደዚያች ቁራጭ መንገድ ግን እስካሁን ልቤ ይመለሳል።

ስንመለስ አስናቀ በር ላይ ቆሟል።

«ከቀጥቃጭ ልጅ ጋር ዳንግላ ድረስ! ነገ ማን ይጋባናል?»

«አባባ፣ ቃልዎስ?» አልኩ።

አባባ ፊቴን ሳያዩ ቁልፉን ከእጄ ወስደው ለአስናቀ ሰጡት። የይኸይስ ሽማግሌዎች በጥር መጡ፤ ከደጅ ተመለሱ። እሱም ወደ መተከል ወረደ ሲሉ ሰማሁ፤ ከዚያ ወሬው ጠፋ። አባባን አፈሩ ይቅለላቸው፤ ይቅር ብያቸዋለሁ። አስናቀ ግን ገና በሕይወት አለ።

ሙሽሮቹ ሲነሱ ሰው በእልልታ ተከተላቸው። ሌሊት ዘንቦ ስለነበር ደጁ እርጥብ ነው። ነጠላዬን ሰብስቤ ጎንበስ አልኩ። አስናቀ ከኋላዬ መጣ።

«ምን ጠፋብሽ?»

«ምንም» አልኩት።

ቀዩ አፈር ላይ ሁለት መስመር ብቻ ነበር። የኋላው ጎማ የፊቱን ዱካ እየረገጠ እስከ አስፋልቱ ወርዷል። ይኸይስ በሕይወት ይኑር አይኑር አላውቅም። ብየዳው ግን አልለቀቀም።